ስድስት ዓሣ ለክሌም

ከኖርዝማን የመጣች፣ አንዲት ትንሽ ካርድ፣
ጽሑፏም አንድ መስመር፣ ያውም በግድ በግድ፦
“ሜርቭ፣ ዓሣ አማረኝ፣ የባሕራችን።”
ክሌም ነው። ጀልባዋን ሽጦ ሳይነግረን
የሄደው ታናሹ። ስሙ በቤታችን አልተጠራ
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ባሌ ካርዷን አነበበ፤ ሄደ ወደ ሥራ።

በማግስቱ በተዋሰው ታንኳ፣ ጎህ ሳይቀድ ወጣ፣
አባታቸው ካሳዩት ቋጥኝ ሥር፣ ስድስት ይዞ መጣ።
ስድስት ብርማ ዓሣ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣
በትናንት ጋዜጣ ተጠቅልሎ ታሽጎ።

ከሲዱና ኖርዝማን፣ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር፣
ዛፍ የማያውቅ ሜዳ፣ ጥላ የሌለው ምድር።
ቤታችን መኪና ነው። ፍሪጁን በዋዜማው ከግድግዳ ሰካው፣
እንደ ታማሚ ግንባር በመዳፉ ደጋግሞ ነካው።
“ትኩስ ነገር አይግባ። ለብ ያለም ቢሆን።
ውሃ በጠርሙስ ይርጋ፤ ክፍተቱ ይሸፈን።”

ይኼ ፍሪጅ አመለኛ ነው፤ ጉርሻው ሦስት ዓይነት፦
ሶኬት ካለ መብራት፣ ስንነዳ ባትሪ፣ ሜዳ ላይ የጋዝ እሳት።
እሳት አመድ ወለደ ሲባል ነው የማውቀው፤
የኛ እሳት ግን በረዶ ነው የሚወልደው።
ጣት የምታህል ሰማያዊ ነበልባል ከኋላ ትነዳለች፣
ከፊት ቅቤው ይጠጥራል። እንዴት? ሜርቭ ሁለቴ አስረድቶኛል፤
አልገባኝም።

ደግሞ ኩራቱ! መኪናው በጣት ስፋት ቢያጋድል
እምቢ ይላል፤ ይሞቃል፤ እሳቱ እየነደደ ያታልላል።
ስለዚህ ባሌ በቆምንበት ሁሉ በጉልበቱ ወድቆ
ውሃ ልኩን ያያል፣ ጉንጩን ከወለል አጣብቆ፤
አረፋዋ መሐል እስክትቆም ድረስ
ከጎማው ሥር ጣውላ ሲከት፣ ሲያወጣ፣ ሲመልስ።
ለወንድሙ አንድ ቀን ቃሉን ያላቃና
ላንድ ፍሪጅ ሲያቃና ዋለ በጎዳና።

“ዳልሲ፣ በሩን ከመክፈትሽ አስቀድመሽ ቁሚ፤
ምን እንደምትፈልጊ አስቢ፤ ወተት ነው? ቅቤ? ሎሚ?”
አርባ ዓመት በትዳር ቆጥሮብኝ የማያውቅ
አሁን ሰከንድ ይቆጥራል፣ በሩ እስኪጠብቅ።

ድንበሩ ላይ ፈታሿ ሎሚዬን ወሰደች፤
ማሬንም ወሰደች። ፍሪጁን ከፈተች።
ከፍታው ቆመች፤ ስለ ንፋሱ ታወራለች፤
የሜርቭ ከንፈር ይቆጥራል፤ ሠላሳ… አርባ… ዘጋች።

ከሰዓት አርባ አራት ገባ። መንገዱ ቀልጦ ውሃ መሰለ።
ቴርሞሜትሩ አራት ነበር፤ ሰባት ሆነ፤ ዘጠኝ አለ።
ጀርባውን ከፀሐይ አዙረን አቆምነው፤
መተንፈሻው ላይ ትንሽ ማራገቢያ በፕላስተር አሰረው።

ሌሊት ንፋስ ተነሣ፤ እሳቷን አጠፋት።
ሜርቭ በፒጃማ ውጭ ተንበርክኮ ሲያበራት፣ ስትጠፋ፣ ሲያበራት፣
ሰማሁት ሲለማመጣት፦ “እባክሽ… አትሙቺብኝ… ገና አልደረስንም…”
እንዲህ ባለ ድምፅ እኔን እንኳ አናግሮኝ አያውቅም።
ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤
ቂም ይዞ በረዶ መጠበቅስ ምን ይባላል?
ዝም አልኩ። እሳቷ ያዘች። ሲነጋ ስድስት… አምስት… ወርዷል።

ኖርዝማን በሦስተኛው ቀን። ክሌም ደጁ ላይ ቆሟል፤
ትከሻው ጎብጧል፤ ሱሪው ሰፍቶታል።
ሜርቭ ወረደ። ጥቅሉን አልያዘም፤ እጁ ባዶ ነው።
ክሌምም ወንድሙን አላየም፤ ያየው ጎማውን ነው።
“ግቢዬ ያጋድላል፤ ፍሪጅህ አይሠራ።
ቆይ፣ ጣውላ አለኝ፤ ይግባ በስተግራ።”

ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጉንጫቸው ከወለል፣
አረፋዋን እያዩ፦ “ትንሽ”… “አይ፣ መልስ”… “ቀኝ በል”።
ስለ ጀልባዋ ማንም ቃል አልተነፈሰ።
እኔ ፍሪጁን ከፈትኩ፤ ብርዱ ፊቴን ዳሰሰ፤
ስድስቱም እንደ ድንጋይ ናቸው።
በሩን ወለል አድርጌ ተውኩት፤ ቆምኩ፤ ቆየሁ።
ማንም አልቆጠረብኝ። እኔው ጀምሬ ነበር፤
ሃያ ላይ ጠፋብኝ፤ ዝም ብዬ አየሁ።